ከሩቅ የፈሰሰ ደም የማን ነው?

ንጉሥ ዳዊት ኬጢያዊውን ኦርዮን በእጁ አልነካውም። ሰይፍ አልመዘዘበትም፤ ሲወድቅም አላየውም። በኢየሩሳሌም፣ በቤቱ ተቀምጦ አንዲት ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤዋን ራሱ ኦርዮ ተሸክሞ ወደ ጦር ግንባር ወሰዳት፤ ኢዮአብ አነበባት፤ ኦርዮም ከከተማው ቅጥር ሥር በቀስተኞች ተመትቶ ሞተ (2 ሳሙ. 11)። ቀስቱን የሳበው የአሞን ወታደር ነው። ዳዊት በሰው ችሎት ቢቀርብ፣ "እኔ በዚያን ቀን የት ነበርሁ? ጦርነት እኮ ነው፤ ሰው ይሞታል" ብሎ ሊከራከር ይችል ነበር። ነቢዩ ናታን ግን ለዚህ ዓይነት ክርክር ቦታ አልሰጠውም። ሰይፉ የአሞናውያን ቢሆንም ገዳዩ ንጉሡ ራሱ እንደ ሆነ ፊት ለፊት ነገረው (2 ሳሙ. 12፥9)። በደብዳቤው እና በሬሳው መካከል የነበረው መንገድ በእግዚአብሔር ፊት ዳዊትን ነጻ አላወጣውም።

ይህን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ ዝሙት እና ስለ ንስሓ ስንማር ነው፤ ትክክልም ነው። ሆኖም ምዕራፉ ከሩቅ ሆኖ ስለ መግደልም ይናገራል። በዘመናችን ሰው በአንድ አገር ወንበር ላይ ተቀምጦ በሌላ አገር ያለን ሰው በስክሪን እየተመለከተ ይገድላል። ከዚያም ባሻገር ቁልፉን ያልነካ፣ ግብር የሚከፍል፣ የሚደግፍ፣ የሚያጨበጭብ ወይም ዝም የሚል ሚሊዮን ሕዝብ አለ። ይህ ሕዝብ ምን ድርሻ አለው? እኛስ፣ የክርስቶስ ነን የምንል፣ ከዚህ ውስጥ የት ነን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የአገራችን ታሪክ ራሱ ያስተምረናል።

ከሰማይ የወረደው ጦርነት

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1911 ጁሊዮ ጋቮቲ የተባለ ኢጣሊያዊ መኮንን በሊቢያ፣ በትሪፖሊ አቅራቢያ እየበረረ ጥቂት ትንንሽ ቦምቦችን በእጁ ወደ ምድር ወረወረ። ከአውሮፕላን ላይ ቦምብ ሲጣል በታሪክ የመጀመሪያው ይህ እንደ ሆነ ይነገራል። የደረሰው ጉዳት ትንሽ ነበር፤ የተከፈተው በር ግን ትልቅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው የሚገድለውን ሰው ፊት ሳያይ፣ ጩኸቱንም ሳይሰማ ገድሎ ወደ ሰፈሩ ተመልሶ እራቱን መብላት ቻለ።

ከዚያ 24 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። አባቶቻችን አድዋ ላይ ጠላታቸውን ፊት ለፊት አይተው ተዋግተው ነበር። በዚህኛው ጦርነት ግን ከላይ የሚመጣውን የሚመልሱበት መሣሪያ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። ኅዳር 26 ቀን ደሴ በቦምብ ተደበደበች፤ በከተማዋ የነበረው የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። በታኅሣሥ ወር የራስ እምሩ ጦር በተከዜ በኩል ወደፊት ሲገፋ የመርዝ ጋዝ ወረደበት። ኢጣሊያ ግን መርዝ በጦርነት እንዳይሠራበት የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ነበር።

የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ይህ መርዝ ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይንን ያሳውራል፤ ሳንባን ይበላል። ወታደሮቻችን አብዛኞቹ ባዶ እግራቸውን ነበሩ። መርዙ በረጠበው ሣር ላይ ሲሄዱ እግራቸው ተቃጠለ፤ ከወንዙ ሲጠጡ ውስጣቸው ተቃጠለ። በኋላ መርዙ በቦምብ ብቻ ሳይሆን እንደ ዝናብ ከአውሮፕላን ይረጭ ጀመር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የመሰከሩት ይህንኑ ነው፤ አውሮፕላኖቹ ተራ በተራ እየተከታተሉ የሚረጩት ጉም ምድሩን ሁሉ እንደ ሸፈነ፣ ሰውን ብቻ ሳይሆን ከብቱን፣ ወንዙን፣ ግጦሹን እንደ መረዘ ተናገሩ። ንግግራቸውን ሊጀምሩ ሲሉ በአዳራሹ የነበሩ ኢጣሊያውያን ጋዜጠኞች ፊሽካ እየነፉ አወኳቸው።

አንድ ሌላ ቀንም እናስታውስ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በደቡብ ግንባር፣ በመልካ ዲዳ፣ ከራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ጋር የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ከአየር ተደበደበ። የቡድኑ መሪ ፍሪዴ ሂላንደር በኢትዮጵያ ለዓመታት ያገለገለ የወንጌል መልእክተኛ ሐኪም ነበር፤ እርሱ ቈሰለ። ከስዊድናውያኑ ባልደረቦቹ አንዱ ሞተ፤ በድንኳኖቹ ውስጥ ተኝተው የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቍስለኞችም ሞቱ። ኢጣሊያ ድብደባው የተማረከው አብራሪዋ ስለ ተገደለ የተደረገ ብድራት ነው አለች። ከሩቅ የሚገድል ሁሉ ምክንያት አያጣም። ምክንያቱ እውነት ያለበት ሊሆንም ይችላል፤ ቦምቡ የሚወድቀው ግን በበደለኛው ላይ ሳይሆን በአልጋ ላይ በተኛው በሽተኛ ላይ ነው።

ከላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ይህ ሁሉ ምን ይመስል ነበር? የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ በዚህ ጦርነት የቦምብ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ከድሉ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ቦምቡ በፈረሰኞች መካከል ሲፈነዳ ያየውን የሚገልጸው በሚያብብ ጽጌረዳ መስሎ ነው። ሲያየው አምሮበት ነበር። ወጣቱ አብራሪ ዓይኑ የታመመ አልነበረም፤ ርቀቱ ግን የሰውን ሞት አበባ አስመሰለለት። ከሩቅ መግደል በሰው ልብ ላይ የሚያደርገው ይህንን ነው።

የጋብቻ ቀለበት

አውሮፕላኖቹን ያበረሩት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ጦርነቱን የተሸከመው ግን ሕዝብ ነው። የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ በጣለ ጊዜ፣ ሙሶሊኒ ሕዝቡ ወርቁን ለአገሩ እንዲሰጥ ጠራ። ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 1935) "የእምነት ቀን" ተብሎ ተሰየመ። የኢጣሊያ ቋንቋ እምነትን እና የጋብቻ ቀለበትን በአንድ ቃል ስለሚጠራ ስሙ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነበር። በሮም፣ ባልታወቀው ወታደር መቃብር አጠገብ ንግሥት ኤሌና ቀድማ ቀለበቷን ሰጠች። ከእርሷ በኋላ እናቶች፣ መበለቶች፣ አዲስ ሙሽሮች ተሰለፉ። በወርቁ ፈንታ የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። ደራሲው ሉዊጂ ፒራንዴሎ የኖቤል ሜዳሊያውን ሰጠ። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢጣሊያውያን ስደተኞችም ውቅያኖስ ሳያግዳቸው ቀለበታቸውን አወለቁ።

አብያተ ክርስቲያናትስ? በብዙ ከተሞች ጳጳሳት እና ካህናት ቀለበቶቹን ባረኩ። የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በዚያው ዓመት በካቴድራላቸው ቆመው ዘመቻውን የክርስቶስን መስቀል ወደ ኢትዮጵያ የሚወስድ አድርገው አወደሱት። መስቀሉ ግን ኢትዮጵያ የገባው ሮም አውሮፕላን ሳታውቅ፣ ገና በአራተኛው መቶ ዘመን ነበር።

ይህንን የምንጽፈው በአንድ ሕዝብ ወይም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ላይ ለመፍረድ አይደለም። ያቺ ቀለበቷን የሰጠች እናት ተከዜ የት እንዳለ ላታውቅ ትችላለች። የሰናፍጭ ጋዝ የሚባል ነገር ስለ መኖሩም ጋዜጣዋ አልነገራትም። እርሷ የምታውቀው አገሯን መውደዷን፣ ልጆቿንም ለዘመቻ መላኳን ነው። ልቧ በፍቅር ተሞልቶ ሳለ፣ ያ ፍቅር በማታውቀው ሸለቆ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ላይ እሳት ሆኖ ወረደ። ዳዊት የጻፈውን ያውቅ ነበር። እርሷ አላወቀችም ይሆናል። እንግዲያስ ጥያቄው "አውቃ ነበርን?" ብቻ አይደለም። "ለማወቅ ጠይቃ ነበርን?" የሚልም አለ።

በዚያው ሳምንት በእንግሊዝ አገር ሌላ ነገር ሆነ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ተስማምተው ከኢትዮጵያ ሰፊውን መሬት ቈርሰው ለሙሶሊኒ ሊሰጡ አስበው ነበር። ምስጢሩ በጋዜጣ ሲወጣ ተራው ሕዝብ ተቈጣ፤ ለእንደራሴዎቹ ደብዳቤ ጻፈ፤ ተቃወመ። ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። እነዚያ ሰዎች ኢትዮጵያን አይተው አያውቁም። የብዙዎቹ ድርሻ አንድ ፖስታ ብቻ ነበር። ነገር ግን የዜጋ ቃል ክብደት እንዳለው በዚያ ሳምንት ታየ። ቍጣው ሲበርድ ግን መንግሥታቱ ወደ ቀድሞ መንገዳቸው ተመለሱ፤ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች የሚበሩበት ነዳጅ ከማዕቀቡ ውጭ እንደ ሆነ ቀረ፤ የስዊዝ ቦይም ለመርከቦቿ ክፍት ነበር። ሲልቪያ ፓንክኸርስት ግን አልበረደችም። በ1936 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር ሳምንታዊ ጋዜጣ መሥርታ ለዓመታት ያለማቋረጥ አሳተመች።

"እኔ አላየሁም"

ከጦርነቱ በኋላ የኢጣሊያ መንግሥት ስለ መርዙ ዝም አለ። ታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ማስረጃውን ከመዛግብት እያወጣ ሲያሳትም ብዙዎች ተቃወሙት። ከተቃዋሚዎቹ መካከል ዝነኛው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ነበር። ሞንታኔሊ በወጣትነቱ በዚያው ጦርነት በመኮንንነት ዘምቷል። ክርክሩም ከዚያ የመጣ ነበር፤ እኔ በቦታው ነበርሁ፤ ጋዝ አላየሁም ባይ ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር መርዝ ጋዝ በኢትዮጵያ መጣሉን በይፋ አመነ። ሞንታኔሊም መሳሳቱን በአደባባይ ተናገረ። ስልሳ ዓመት አልፎ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሞንታኔሊ ሲናገር የነበረው ውሸት ላይሆን ይችላል። በእርግጥ አላየም ይሆናል። ነገር ግን አለማየት ምስክርነት አይደለም። የሰለሞን ምሳሌ ወደ ሞት የሚነዱትን እንድንታደግ ካዘዘ በኋላ፣ "አላወቅንም" ብንል ልብን የሚመዝነው ጌታ እንደሚያስተውል ያስጠነቅቀናል (ምሳ. 24፥11-12)። ቃሉ የሚጠይቀን ስላየነው ብቻ አይደለም፤ ላለማየት ስለ መረጥነውም ነው።

ጽድቅ ባለው ጦርነትም ቢሆን

"ሙሶሊኒ ወራሪ ነበር፤ ጦርነቱ ራሱ ኃጢአት ነው። የእኛ ወገን ግን እየተከላከለ ቢሆንስ?" የሚል ሊኖር ይችላል። መልካም ጥያቄ ነው። በመካከላችን አማኝ ጦር መሣሪያ ሊያነሣ አይገባም የሚሉ አሉ፤ ሮሜ 13ን ይዘው መንግሥት ሰይፍ የታጠቀው በከንቱ አይደለም የሚሉም አሉ። ይህን ክርክር በዚህ ጽሑፍ አንጨርሰውም። ሆኖም በሁለተኛው ወገን ቆሞ የተናገረ አንድ ሰው ታሪክ ይረዳናል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ሂትለርን ስትዋጋ፣ የቺቸስተሩ ጳጳስ ጆርጅ ቤል ጦርነቱን አልተቃወሙም። ከናዚዎች ለሸሹ ስደተኞች የቆሙ፣ የዲትሪሽ ቦንሆፈርም ወዳጅ ነበሩ። ነገር ግን የእንግሊዝ የቦምብ አውሮፕላኖች ፋብሪካን ወይም የጦር ሰፈርን ሳይሆን የሲቪል ሰዎችን መኖሪያ ጨምሮ ከተማን በሙሉ ማቃጠል ጀምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1943 በሃምቡርግ በጥቂት ሌሊቶች ከ30,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1944 ቤል በሎርዶች ምክር ቤት ተነሥተው መንግሥታቸውን ጠየቁ፤ የምታደርጉትን ታውቁታላችሁን? የጦር ዒላማን መምታት እና አንድን ከተማ ከነሕዝቡ ማጥፋት አንድ ናቸውን? ብለው ተከራከሩ።

ጀርመን ለንደንን እና ኮቨንትሪን ደብድባ ነበር። ሕዝቡ ሐዘንተኛ ነበር። ስለዚህ ብዙዎች በጳጳሱ ተቈጡ፤ መንግሥትም ሥራውን ተከላክሎ መለሰ። ከጥቂት ወራት በኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስነት መንበር ሲለቀቅ ቤል አልተመረጡም፤ ለዚህም ምክንያቱ ያ ንግግር ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ቤል ያን ጊዜ የጠየቁት ለጠላት አዝነው ብቻ አልነበረም። ጦርነቱ የሚካሄደው በእኛ ስም ነው፣ ስለዚህ በእኛ ስም የሚደረገውን መጠየቅ የእኛ ሥራ ነው ብለው ስላመኑ ነው። የራስን ወገን መጠየቅ ከባድ ነው። ጠላትን ለመውቀስ ድፍረት አያስፈልግም።

ርቀቱ ዛሬ

ዛሬ ርቀቱ ከአውሮፕላን ከፍታ አልፏል። አብራሪው ሰማይ ላይ እንኳ የለም። በሌላ አህጉር፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ድሮን ያንቀሳቅሳል፤ ሥራው ሲያበቃ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2021 የአሜሪካ ድሮን በካቡል አንድ መኪና መታ። መጀመሪያ አሸባሪ ተመታ ተባለ፤ ከፍተኛ የጦር መሪም ጥቃቱ ትክክለኛ እንደ ነበር ተናገሩ። ጋዜጠኞች ሲያጣሩ መኪናዋ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ መሆኗ፣ ፈንጂ ናቸው የተባሉትም የውሃ ጀሪካኖች መሆናቸው ታወቀ። ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ስሕተት መሆኑን አመነ። የሞቱት 10 ሲቪሎች ሲሆኑ ሰባቱ ሕፃናት ነበሩ። በዓመቱ መጨረሻ ማንም እንደማይቀጣ ተገለጸ።

ይህ ነገር የሌላ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ ቢቀር በወደድን ነበር። ባለፉት ዓመታት ግን ድሮን የሚለውን ቃል በገጠር ያሉ ሕፃናትም ተምረውታል። በጃንዋሪ 2022 (በገና ሰሞን 2014 ዓ.ም.) በትግራይ፣ ደደቢት በሚገኝ የተፈናቃዮች መጠለያ ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያም ወዲህ በአማራ እና በኦሮሚያ በድሮን ጥቃት ሲቪሎች መሞታቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ዘጠና ዓመት ሳይሞላ የአያቶቻችን ልጆች እንደ አያቶቻቸው ወደ ሰማይ እያዩ ይሸሻሉ።

እዚህ ላይ ፖለቲካ ውስጥ ልንገባ አይደለም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥቃቱ በዚያኛው ወገን ላይ ሲሆን "ይገባቸዋል" ወይም "ውሸት ነው" የምንል፣ በእኛ ወገን ላይ ሲሆን ደግሞ "ዓለም የት ነው?" ብለን የምናለቅስ ከሆነ፣ ልባችን የሚመራው በመስቀሉ ነው ወይስ በዘራችን? አዲስ አበባም እንኑር ዋሽንግተን፣ ሪያድም ሆነ ፍራንክፈርት፣ በስልካችን ላይ የሚደርሰንን የፍንዳታ ቪዲዮ ከሳቅ ምልክት ጋር ለወዳጆቻችን ስናስተላልፍ፣ ያ ወጣት አብራሪ ጽጌረዳ ካየበት ከፍታ ላይ አልቆምንምን? ለጦርነት የሚዋጣውን ገንዘብ ስንሰጥ፣ ያቺ እናት ያልጠየቀችውን ጥያቄ ጠይቀናልን?

ርቀቱን የለኩ ሽማግሌዎች

በዘዳግም 21 መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ሳናነበው የምናልፈው ሕግ አለ። አንድ ሰው በሜዳ ተገድሎ ቢገኝ፣ ገዳዩም ባይታወቅ፣ ምን ይደረግ? ሽማግሌዎች እና ዳኞች ይውጡ፤ ከሬሳው ጀምሮ በዙሪያው እስካሉት ከተሞች ድረስ ርቀቱን ይለኩ። ለሬሳው የቀረበችው ከተማ ሽማግሌዎች ለሥራ ያልዋለች ጊደር ይዘው ውሃ ወደሚፈስበት፣ ወዳልታረሰ ሸለቆ ይውረዱ፤ በዚያ አንገቷን ይስበሩ። ከዚያም በእርሷ ላይ እጃቸውን ታጥበው፣ እጃቸው ደሙን እንዳላፈሰሰ፣ ዓይናቸውም እንዳላየ ይመስክሩ፤ እግዚአብሔርም የንጹሕን ደም በሕዝቡ ላይ እንዳይቈጥር ይለምኑ (ዘዳ. 21፥1-9)።

ወገኖች፣ ይህንን ሕግ በጥንቃቄ እንመልከተው።

አንደኛ፣ ሽማግሌዎቹ ይወጣሉ። ሬሳው ከከተማ ውጭ ነው፤ የማን ልጅ እንደ ሆነም ላይታወቅ ይችላል። ቤታቸው ተቀምጠው "እኛ አልገደልንም" ማለት አልተፈቀደላቸውም። ሄደው ማየት አለባቸው።

ሁለተኛ፣ ርቀቱን ይለካሉ። እኛ ርቀትን የምንለካው ከነገሩ ለማምለጥ ነው፤ "ሩቅ ነው፤ አይመለከተንም" ለማለት። በእግዚአብሔር ሕግ ግን ርቀት የሚለካው የሚጠየቀውን ለማግኘት ነው። የትኛውም ሬሳ ለአንዲት ከተማ ይቀርባል። ማንም የማይጠየቅበት ደም የለም።

ሦስተኛ፣ ሽማግሌዎቹ ባይገድሉም ስለ ሕዝቡ ይቅርታ ይለምናሉ። ነፍሰ ገዳዮች አይደሉም፤ የከተማቸው ጎረቤት ግን ሞቷል። በደለኛ መሆን እና ተጠያቂ መሆን አንድ አይደሉም። ቀለበቷን የሰጠችው እናት አብራሪው አይደለችም፤ አብራሪውም ያዘዘው አይደለም። ሁሉም ግን በየድርሻው በእግዚአብሔር ፊት ይቆማል።

አራተኛ፣ እጅ መታጠብ የመጨረሻው ነገር ነው። ጲላጦስም እጁን ታጥቧል (ማቴ. 27፥24)። እርሱ ግን የታጠበው ደሙ ሳይፈስ፣ ሊያስቀረው ሲችል ነው። ሽማግሌዎቹ ወጥተው፣ አይተው፣ ለክተው፣ ዋጋ ከፍለው ታጠቡ። ጲላጦስ ከሕዝቡ ጩኸት ለማምለጥ ታጠበ። ሁለቱም ውሃ ነክተዋል፤ በእግዚአብሔር ፊት ግን አንድ አይደሉም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከእኛ መካከል ጦር የሚያዝዝ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን ግን የምንናገረው፣ የምንሰጠው፣ የምንጸልየው ነገር አለን።

ከሁሉ በፊት ሬሳውን ለማየት እንውጣ። ስለ ጥቃት ስንሰማ ከቍጥሩ በፊት ሰውን እናስብ። ወሬውን ያመጣው ማን ነው፣ ሌላውስ ወገን ምን ይላል ብለን እንጠይቅ። አለማወቅ ሁልጊዜ ንጽሕና እንዳልሆነ ቃሉ ነግሮናል።

ቀጥሎም በማንም ሞት ደስ አይበለን። በነነዌ ጥፋት ሊደሰት ከከተማዋ ውጭ ተቀምጦ ከሩቅ ይመለከት የነበረውን ዮናስን እግዚአብሔር የጠየቀው ስለ ነነዌ ሕፃናት እና ስለ እንስሶቿ ነበር (ዮና. 4፥11)። ዮናስ ምን እንደ መለሰ አልተጻፈም። መልሱ ለእኛ የተተወ ይመስላል።

ደግሞም በስማችን የሚደረገውን በትሕትና እና ያለ ጥላቻ እንጠይቅ። ለመሪዎች መጸለይ ታዘናል (1 ጢሞ. 2፥1-2)፤ ናታን ግን ለንጉሡ መጸለይ ብቻ ሳይሆን እውነቱንም ነግሮታል። መጋቢዎቻችን በመድረክ ላይ የአንዱን ወገን ሬሳ ብቻ አይቍጠሩ። ጉባኤያችን ከየብሔሩ የመጡ ልጆች ያሉባት ናት፤ በአንዱ ወንበር ወንድሙን የቀበረ፣ በሌላው ልጁን ወደ ግንባር የላከ ይቀመጣል። ሁለቱም አንድ እንጀራ ይቈርሳሉ።

በመጨረሻም ወደ ወንጌሉ እንመለስ፤ ያለ እርሱ ይህ ሁሉ ሸክም ብቻ ነው። የአቤል ደም ከምድር ጮኸ፤ እግዚአብሔርም ሰማ (ዘፍ. 4፥10)። የተከዜውም፣ የመልካ ዲዳውም፣ የሃምቡርጉም፣ የካቡሉም፣ የደደቢቱም ደም እንዲሁ ይጮኻል፤ ከእርሱ የሚሰወር የለም። ዕብራውያን ግን ከአቤል ደም የሚሻል ነገር ስለሚናገር ሌላ ደም ይነግረናል (ዕብ. 12፥24)። እግዚአብሔር ከእኛ ጋር የነበረውን ጠብ ከሩቅ ሆኖ አልፈታውም። ልጁ ሥጋ ለብሶ ወደ እኛ መጣ፤ ለምጻሙን በእጁ ዳሰሰ፤ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አለቀሰ፤ በመስቀል ላይ የሚገድሉትን እያያቸው ለመነላቸው። ሩቅ የነበርን እኛ የቀረብነው በዚያ ደም ነው (ኤፌ. 2፥13)።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ራሱን ያገኘ ሰው ቢኖር፣ ያጨበጨበም፣ ዝም ያለም፣ ያዘዘም፣ የተኰሰም ቢሆን፣ የዳዊት በር አልተዘጋም። ዳዊት ናታን ሲነግረው ወደ ርቀቱ አላመለከተም፤ ኢዮአብን አልከሰሰም፤ እግዚአብሔርን መበደሉን ተናገረ። እግዚአብሔርም ኃጢአቱን አስወገደለት (2 ሳሙ. 12፥13)።

አባት ሆይ፣ ከሩቅ የሚሆነውን ሁሉ ከቅርብ የምታይ አንተ ነህ። የማናውቃቸውን፣ ስማቸውን የማንጠራቸውን ሟቾች አንተ ታውቃቸዋለህ። ዓይናችንን ክፈትልን፤ አንደበታችንን ጠብቅልን። ዛሬ ሌሊት ወደ ሰማይ እያዩ የሚፈሩትን ሕፃናት ሁሉ፣ የማንም ወገን ይሁኑ፣ ጠብቃቸው። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።